የመጀመሪያውን ሞተር መንገዱ ይምረጥላችሁ

ወጣት ሰው መጓጓዣ ሲመርጥ ዓይኑ ከእግሩ ይቀድማል። ቀለሙን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ፍጥነቱን ተመኝቶ ይወዳል፤ የሚሄድበት መንገድ ምን ዐይነት እንደ ሆነ የሚያስበው ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በዙሪያቸውም ባሉት ወረዳዎች ከሚሠሩት ወጣት መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ሠራተኞች መካከል ከአልጋና ከቁም ሣጥን በፊት ሞተር ብስክሌት ለመግዛት የሚያስቡ አያሌ ናቸው። አንዱ ከደመወዙ ቈጥቦ፣ ሌላው ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ ይገዛል። በሚገባ የተመረጠ ሞተር ለባለቤቱ እንጀራ ነው፤ ያለ ምክር የተገዛ ግን ዕዳ ያመጣል፣ ከዕዳም አልፎ አካል ያጐድላል። ስለዚህ በዛሬው ዐምዳችን ስለ መጀመሪያው ሞተር አመራረጥ ጥቂት እንነጋገር።

ከተማሪዎች መካከል በስልካቸው ያዩትን ፊልም እያሳዩ፣ «መምህር፣ በአሸዋ ላይ የሚፈነጥዘው ይህ ባለ አራት ጎማ ሞተር ለእኛ አገር ገጠር አይሻልም ወይ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። ኳድ የሚሉት ይህ ሞተር እንደ ፈረስ በኮርቻ የሚቀመጡበት፣ እንደ ብስክሌት በእጅ የሚመሩት፣ ነገር ግን አራት ሰፋፊ ጎማ ያለው ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ባለ ሦስት ጎማ ነው፤ የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ለአሜሪካ ገበያ አቀረበው። ባለ ሦስቱ ጎማ ግን በመታጠፊያ ላይ እየተገለበጠ ብዙ ሰው ስለ ጐዳ፣ በ1988 ሠሪዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው እዚያ አገር መሸጡን አቆሙ። ሱዙኪ በ1982 ያወጣው ባለ አራት ጎማውና እርሱን የተከተሉት ቀሩ። በ1978 መጨረሻ የተጀመረው የዳካር እሽቅድምድም እንኳ ከ2009 እስከ 2024 ድረስ ለኳድ የራሱን ምድብ ሰጥቶት ነበር።

ለስፖርት የሚሠራው ኳድ በበረሓ የሚደነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎማው ሰፊ ነው፤ በውስጡ ያለው አየር በጣም ጥቂት ስለ ሆነ መሬት ሲነካ ይተኛል፣ ክብደቱንም በሰፊው ስለሚያከፋፍል በአሸዋ ውስጥ አይሰምጥም። የግመል ኮቴ የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። አቋሙ ዝቅ ያለና ወርዱ ከአንድ ሜትር በላይ መሆኑም ቶሎ እንዳይገለበጥ ይረዳዋል። በበረሓ ደግሞ አጥር የለም፣ ቦይ የለም፣ የሰው ሰብል የለም፤ ስለዚህ ወርዱ ማንንም አያስቀይምም።

ይኸው ሞተር ወደ ምዕራብ ጐጃም ቢመጣስ? በበቈሎና በዳጉሳ ማሳ መካከል የሚያልፈው መንገድ አንድ ሰውና አንድ አህያ ተከታትለው የሚሄዱበት ነው። ኳዱ በዚያ ቢገባ ሁለቱ ጎማዎቹ በገበሬው ሰብል ላይ ይሄዳሉ፤ ሰብል የረገጠን እንግዳ ደግሞ ገበሬው በቡና አይቀበለውም። ወደ አስፋልቱ ሲወጣ ሌላ ችግር አለበት። የስፖርት ኳድ የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት ላይ ተጣብቀው እኩል ስለሚዞሩ፣ በጠንካራ መንገድ ላይ ሲታጠፍ አንደኛው ጎማ መንሸራተት ግድ ይሆንበታል፤ መሪውም አልታዘዝ ይላል። በተዳፋት ላይ የተገለበጠ እንደ ሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ከባድ ብረት በነጂው ላይ ይወድቃል። መለዋወጫውንም በፍኖተ ሰላም ሱቆች መደርደሪያ ላይ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ የሚያደርግ የለም። እንግዲህ ኳዱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን አገሩ ሌላ ሆኖ ነው።

ይህን ነገር አባቶቻችን ያለ ሞተርም ያውቁት ነበር። የአፋር ጨው በረሓውን የሚያቋርጠው በግመል ጀርባ ነበር፤ አሞሌው እንደ ገንዘብ ሆኖ በደጋው ገበያ ሲዘዋወር በነበረበት ዘመን ግን ዳገቱን የሚወጣው በበቅሎና በአህያ ነበር። ከዐባይ ማዶ ከሚመጣው ነጋዴ ጋር ስትገበያይ የኖረችው ቡሬም በቅሎን ከፈረስ ለይታ ታውቃለች። በጎረቤታችን በአዊ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ጥር 23 ቀን ሲከበር፣ ያጌጠው ፈረስ በሜዳው ላይ ሲጋልብ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ወደ ዐባይ በረሓ ገደሉን ለመውረድ የተነሣ ሰው የሚጭነው በቅሎ ነው። ፈረሱ አልተናቀም፤ ሥራው ተለየ እንጂ። ሞተርም እንዲሁ ነው። የፈረሱን ሥራ የሚሠራ ሞተር አለ፣ የበቅሎውንም ሥራ የሚሠራ አለ፤ የገጠር ሠራተኛ የሚያስፈልገው በቅሎው ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ መንገዳችሁን ቍጠሩ። በእኛ አካባቢ ሦስት ዐይነት መንገድ አለ። አንደኛው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ አልፎ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት ነው። በዚህ ላይ አውቶቡስና አይሱዙ በፍጥነት ስለሚያልፉ ደኅና ፍሬንና ደኅና መብራት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ወደ ደጋ ዳሞትና ወደ ቋሪት ሽቅብ የሚወጣው፣ ወደ ወንበርማም ቍልቍል የሚወርደው ኮረኮንች ነው። ሦስተኛው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ጤና ኬላው የሚገባው የአፈር መንገድ ነው። በበጋ አቧራ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጭቃ ነው። በወረቀት ላይ ጻፉት፦ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር በአስፋልት፣ ስንት በኮረኮንች፣ ስንት በጭቃ እሄዳለሁ? ሞተሩን የሚመርጥላችሁ ይህ ወረቀት ነው።

ከዚህ በኋላ ክብደቱን ተመልከቱ። ጀማሪ ነጂ በጭቃ ላይ መውደቁ አይቀርም፤ ጥያቄው ወድቆ እንዴት ይነሣል የሚለው ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል፣ በሁለት ቀበሌ መካከል፣ የሚረዳችሁ እረኛ እንኳ ወደ ቤቱ በገባበት ሰዓት፣ ሞተሩን ከቦዩ ውስጥ የምታነሡት ብቻችሁን ናችሁ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ቤንዚኑን ዘግታችሁ፣ ሞተሩን በለስላሳ ሣር ላይ በጎኑ አስተኙት፤ ከዚያም ብቻችሁን አንሡት። ሦስት ጊዜ ማንሣት ካልቻላችሁ ያ ሞተር የእናንተ አይደለም፤ ዋጋው ቢቀንስም፣ ቀለሙ ቢያምርም አይደለም። መቶ ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ሞተር ለብዙ ሰው ይበቃል። በኮርቻው ላይ ስትቀመጡም ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ይንኩ። በተለይ እኅቶቻችን ይህን ነገር አጥብቀው ቢጠብቁ ይጠቅማቸዋል፤ ሻጭ «ይለመዳል» ሲል እግር ግን በመልመድ አይረዝምም።

ቀጥሎ የሞተሩ ጕልበት ነው። ወጣቶች ሲሲውን እንደ ማዕርግ ይቈጥሩታል። 125 ሲሲ ማለት ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲመላለስ የሚጠርገው ስፍራ የአንድ ሊትር ስምንተኛ እጅ ነው ማለት ነው፤ ሁለት ሲኒ ቡና ያህል ብቻ። በእኛ ዳገት ለአንድ ሰውና ለጥቂት ዕቃ ከ100 እስከ 125 ሲሲ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ለሚጭን ደግሞ እስከ 150 ይበቃል። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ጕልበቱ የሚመጣው መቼ እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ለእሽቅድምድም የተሠራ ሞተር ኀይሉን የሚሰጠው በፍጥነት ሲሽከረከር ነው፤ በዳገት ላይ ቀስ ብሎ እንዲሄድ ቢጠይቁት ይታፈናል፣ ፍሪሲዮኑም እስኪሸት ድረስ ይቃጠላል። ለሥራ የተሠራው ግን በዝግታ እየዞረም ይጐትታል። ለመፈተን አንድ ወዳጃችሁን ከኋላ ጭናችሁ በአንደኛ ማርሽ፣ እግረኛ በሚሄድበት ፍጥነት ዳገት ውጡ። ፍሪሲዮን ሳትይዙ፣ ሞተሩም ሳይንተፋተፍ ከወጣ ደኅና ነው።

ሦስተኛው ነገር ጭቃው የሚይዛቸው ክፍሎች ናቸው። ቀዩም አፈር፣ ዋልካውም በክረምት እንደ ሊጥ ይጣበቃል። የፊተኛው ፓራፋንጎ ከጎማው ጋር የተጠጋጋ እንደ ሆነ ጭቃው በመካከሉ ይሞላና ጎማው መዞሩን ያቆማል፤ ነጂውም በየመቶ ሜትሩ እየወረደ በዱላ ሲፈቀፍቅ ይውላል። ስለዚህ ፓራፋንጎው ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርሱ የተራራቀ፣ የሞተሩ ሆድ ከመሬት የራቀ ይሁን። ሰንሰለቱ በሽፋን ውስጥ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል። ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራው ያማሃ ኤ ጂ 100 በብዙ የአፍሪካ አገሮች በእርሻና በጤና ሠራተኞች ዘንድ የታወቀው፣ ሰንሰለቱ የተሸፈነና ክብደቱ የቀለለ በመሆኑ ነው። ማስነሻው በቍልፍ ብቻ የሆነውን አትውሰዱ፤ ባትሪ ሲደክም በእግር የሚመታ ማስነሻ ያለው ሞተር ከሜዳ አያሳድራችሁም።

አራተኛው ጠጋኙ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ምትሠሩበት ወረዳ ከተማ ሂዱና መካኒኩን፣ «ከሁሉ ይልቅ የምትሠራው የትኛውን ሞተር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም ወደ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ አምስት ነገር ስጡኝ በሉ፦ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ኩሽኔታና ሰንሰለት። ባለ ሱቁ አምስቱንም ከመደርደሪያው ካወረደ ያ ሞተር በዚያ አገር ይኖራል። «ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ» ካለ ግን ሞተራችሁ በደጃፍ ቆሞ ዶሮ ሲሰፍርበት ማየታችሁ ነው። ባጃጅ ቦክሰርና ቲ ቪ ኤስ የመሳሰሉት የሕንድ ሞተሮች ያማሩ ባይመስሏቸው እንኳ ብዙ ሰዎች የሚገዟቸው መለዋወጫቸውን ማግኘት ስለሚቀል ነው።

አምስተኛው የኪስ ነገር ነው። የሞተር ዋጋ ማለት ሻጩ የሚጠራው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ምሳሌ እንውሰድ። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ 12 ኪሎ ሜትር የሚርቅ መምህር ደርሶ መልስ በቀን 24 ኪሎ ሜትር፣ በወር 20 ቀን ሲሠራ 480 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሞተሩ በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በወር 12 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል፤ በክረምት ጭቃ ላይ ወደ 30 ቢወርድ 16 ሊትር ይሆናል። ይህን በዕለቱ ዋጋ አባዙት፤ ማደያው ባዶ ሲሆን በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጠው ደግሞ እንደሚወደድና አንዳንድ ጊዜም እንደሚደባለቅ አትርሱ፤ ስትገዙት በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። በዚህ ላይ ለዘይት፣ ለጎማና ለመለዋወጫ የቤንዚኑን ያህል ገንዘብ በየወሩ አስቀምጡ። የብድሩ ክፍያ፣ ቤንዚኑና ይህ ተቀማጭ ተደምረው ከደመወዛችሁ ከተቀነሱ በኋላ የቤት ኪራይና የአስቤዛ ካልቀረ፣ ሞተሩ እናንተን ይጋልባችኋል እንጂ እናንተ አትጋልቡትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው።

አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይሂድ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በእጅ ይነካ፤ ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ቀዝቅዞ ሲነሣ ማየት ያስፈልጋልና። ጭሱ ሰማያዊ የሆነ ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን እያቃጠለ ነው። የፊት ጎማውን አንሥታችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት፤ ቢንገጫገጭ ኩሽኔታው አልቋል። የአጥንቱን ብረት በጨርቅ ጠርጋችሁ ተመልከቱ፤ የተበየደ ስፍራ ካለ ሞተሩ አንድ ቀን ክፉ ውድቀት ወድቆ ነበር። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቍጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ካልተስማማ፣ ምንም ቢረክስ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።

በዛሬው ጊዜ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተርም ይወራል፤ ይልቁንም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ወሬው በርትቷል። በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው መልካም ነገር ነው። ወደ ገጠር ለሚሄድ ግን ሦስት ጥያቄ አለ፦ በምትሠሩበት ቀበሌ መብራት አለ ወይ? ሙሉ ባትሪ ዳገቱን ወጥቶ ይመልሳል ወይ? ባትሪው ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? ለሦስቱም አዎን የሚል መልስ ያለው ሰው ይግዛ።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል እንጨምር። መንጃ ፈቃድ፣ ሰሌዳ፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ የግድ ናቸው። በአዋጅ ቍጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድንም የግድ ነው፤ ይህ መድን ለእናንተ ሳይሆን ልትገጩት ለምትችሉት ለዚያ ገበያተኛ መሆኑን አስቡ። ከዚህ ሌላ የሞተር መሄድና አለመሄድ በነጂው ፈቃድ ብቻ አይወሰንም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሞተር ብስክሌትን እንቅስቃሴ አግዳ ነበር፤ በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታው ችግር ምክንያት በየቦታው እንቅስቃሴው ሲገደብ ታይቷል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በምትሠሩበት ወረዳ ያለውን ደንብ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ቆሞ የሚውል ሞተር ብድሩ ቆሞ አይውልለትም።

ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚገዛው ዕቃ የራስ ቍር ነው። «በኋላ፣ ገንዘብ ሲገኝ» የሚባል ነገር አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2008 የታተመ፣ አያሌ ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ የራስ ቍር የሞተር ነጂውን የሞት አደጋ በ42 ከመቶ፣ የራስ ጕዳቱን ደግሞ በ69 ከመቶ ይቀንሳል። የማገጃው ጠፍር ካልታሰረ ግን ቍር ሳይሆን ባርኔጣ ነው። ከኋላ ለሚቀመጠውም ሰው አንድ ይኑር፤ የእርሱ ራስ ከእናንተ ራስ አይጠነክርምና።

የላህን፣ የብርንና የፈጠምን ወንዝ በክረምት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን አይስተውም፦ ውሃው የደፈረሰ እንደ ሆነ በሞተር አይገባም። ጥርት ያለ ቢሆንም እንኳ በመጀመሪያ በእግር ተሻግራችሁ ጥልቀቱን እዩ። ሞተሩን በአንድ ገበሬ ግቢ በዐደራ አስቀምጦ የቀረውን መንገድ በእግር መሄድ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ለአንድ ቀን የዘገየ መምህር ነገ ያስተምራል። በገበያ ቀን ደግሞ አህያው ጭነት ይዞ፣ እናቶች በርበሬና እህል ተሸክመው መንገዱን ሲሞሉት፣ ጡሩንባ ከመንፋት ፍጥነት መቀነስ ይሻላል። መንገዱ ከሞተሩ በፊት የእነርሱ ነበር።

አንባብያን ሆይ፤ ትልቅ ሞተር መመኘት ነውር አይደለም። ሁለት ክረምት በትንሹ ከተማራችሁ በኋላ ትልቁን ብትገዙ ማን ይከለክላችኋል? በመጀመሪያው ግን ሰው የሚያደንቅላችሁን ሳይሆን እናንተን ወደ ሥራችሁ አድርሶ ወደ ቤታችሁ የሚመልሳችሁን ምረጡ። ሻጩ ብዙ ሲናገር ጥቂት ስሙ፤ መንገዳችሁን የጻፋችሁበትን ወረቀት ከኪሳችሁ አውጡ፤ ሞተሩንም በሣሩ ላይ አስተኙት። ብቻችሁን ካነሣችሁት ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።